የተመራጩ ግድግዳ

አባቴ የወረዳ ምክር ቤት አባል የሆነው ወዶ አይደለም፤ ጎረቤት ገፍቶት ነው። ጡረታ የወጣ አስተማሪና የእድራችን ሰብሳቢ ነበር። ሰው ከሰው ሲጣላ የሚጠራውም እሱ ነው። ገዢው ግንባር «እጩ ሁንልን» ሲለው ዕድሜውን ምክንያት አድርጎ ሊያመልጥ ሞክሮ ነበር። ሰፈርተኛው ግን ደጃችን ድረስ መጥቶ ለመነው። «ግድ የለም ጋሼ፣ ይግቡ። ቢያንስ አንድ የኛ ሰው ውስጥ ይኖራል» አሉት። እሱም ተሸነፈና ገባ።

ሰፈራችን ከኮተቤ በላይ ነው፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ እስከ ጓሯችን ወርዶ የሚቆምበት። የኛ ቤት የቆየ ካርታ አለው። ከአጥራችን በላይ ያሉት ግን ወረቀት የሌላቸው የጨረቃ ቤቶች ነበሩ። ከአጥራችን ቀጥላ ያለችው ጎረቤታችን ከደቡብ የመጣች፣ ጉሊት ላይ ድንችና ጎመን የምትሸጥ ሴት ናት። ባሏ ሲ.ኤም.ሲ ሰፈር አንድ ቪላ ይጠብቃል። እሁድ ጠዋት ልጆቿን አሰልፋ ወደ ጸሎት ቤት ስትሄድ መዝሙራቸው ቁልቁል ይሰማል፤ እማዬም «እነዚህማ መንገድ ላይ ነው ጸሎቱን የሚጨርሱት» እያለች ትስቅ ነበር።

አባቴ በተመረጠ በዓመቱ ከአጥራችን በላይ ያለው መንደር ሊነሳ ነው የሚል ወሬ መጣ። አንዱ ለባለሀብት ነው ይላል፣ ሌላው መንገድ ሊያልፍበት ነው ይላል። እኔ ያኔ ጉርድ ሾላ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ እሠራ ነበር፤ እዚያም ሳይቀር ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ሁሉ ያወራዋል። እውነቱን የሚያውቀው ምክር ቤቱ ብቻ ነው፤ ምክር ቤቱ ደግሞ የሚሰበሰበው በሩን ዘግቶ ነው። ደንቡ ስብሰባው ለነዋሪ ክፍት ነው ይላል አሉ። በር ላይ የቆመው ጥበቃ ግን «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይልሃል፣ አለቀ።

ስለዚህ ሰዉ አባቴን ማንበብ ጀመረ። ከስብሰባ ሲመለስ ፊቱን ያያሉ። ፈጠን ብሎ ካለፈ ክፉ ነው፤ ቆም ብሎ ስለ ልጆች ከጠየቀ ደህና ነው። «ምን ተባለ ጋሼ?» ሲሉት መልሱ አንድ ነው፦ «ገና እየታየ ነው።» ከሁሉም የባሰ የምትጨነቀው ጎረቤታችን ነበረች። ወንድሟ ከከተማው ወጣ ብሎ ትንሽ ቦታ አግኝቶ «ሳይቀድሙሽ ቤትሽን ራስሽ አፍርሺና እንጨቱንም ቆርቆሮውንም ይዘሽ ነይ» ብሏታል። ቶሎ ካልወሰነች ቦታው ለሌላ ይሄዳል። ብትሄድ ጉሊቷም የልጆቿ ትምህርት ቤትም ይቀራል፤ ብትቆይና ቢፈርስ ደግሞ ባዶ እጇን ነው። አባቴ በወጣ በገባ ቁጥር አጥሩ ጋ ትጠብቀዋለች።

አንድ ቀን ራት ላይ እማዬ አፋጠጠችው። «ለኛ እንኳ ንገረን እንጂ!» አለችው።

«የምነግርሽ የለኝም» አለ።

ምስጢር የሚጠብቅ መስሎን ነበር። ያን ማታ ሲያወጣው ግን ነገሩ ለካ ሌላ ነው። ካቢኔውና የፓርቲው ሰዎች አስቀድመው ለብቻቸው ይሰበሰባሉ፣ ጉዳዩ እዚያ ያልቃል። እነ አባቴ ሲገቡ ሪፖርት ይነበብላቸዋል፣ «መልሶ ማደራጀት» የሚባል ነገር ይነሳል፣ የት እንደሆነ አይነገርም፣ እጅ ይወጣል፣ የታሸገ ውሃ ይጠጣል። አንዴ «የትኛው መንደር ነው?» ብሎ ቢጠይቅ «ዝርዝሩ በኋላ ይገለጻል» ተባለ።

«ታዲያ አላውቅም በላቸዋ!» አለች እማዬ።

«ምን ብዬ? እናንተ መረጣችሁኝ፣ እነሱ ግን አላስገቡኝም ልበል?»

ተናደድኩበት፤ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም። እማዬ ግን አላስቻላትምና በማግስቱ ለጎረቤታችን «እሱም እኮ አያውቅም» አለቻት። ሴትየዋ ፈገግ አለች። «ይሁን እትዬ፣ እንዲህ በሉ ተብላችሁ ነው፤ ይገባኛል» ብላ ወደ ጉሊቷ ሄደች።

መስከረም ሲጠባ አባቴ በየዓመቱ ቤቱን ይመርጋል። የክረምቱ ዝናብ ከተራራው እየወረደ ግድግዳውን ይልጠዋልና። በዚያ ዓመትም እንደ ልማዱ ጓሮ ውስጥ ጭቃውን በጭድ አቦካና ሱሪውን ሰብስቦ ይረግጥ ጀመር። ከአጥሩ በላይ ያለው ሰው ቆሞ አየው። በማግስቱ ጭድ የጫነ አህያ ሽቅብ ሲወጣ አየሁ፣ ከኋላው ሌላ። ብዙም ሳይቆይ መንደሩ በሙሉ ጭቃ ይረግጥ ጀመር። የተመራጩ ቤት ከተመረገማ ምን ያሰጋል? ጎረቤታችን ለወንድሟ «ቦታውን ለፈለግከው ስጠው» ብላ ላከችበት። የሚያፈሰውን ጣሪያዋን በአዲስ ቆርቆሮ አስቀየረች፣ ግድግዳዋንም ከባሏ ጋር መረገች። አባቴ ሊያግዛቸው ሄደ። ይፈርሳል እንዳይላቸው አያውቅም፣ አይፈርስም እንዳይላቸውም አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ጭቃ ሲያቀብላቸው ዋለ።

ኅዳር ላይ ቀይ ቀለም የያዙ ሰዎች መጥተው በየበሩ ምልክት አደረጉ፤ ዶዘሩም ሳይውል ሳያድር ተከተለ። ሴቶቹ ከቤት ያወጡት ፍራሽና ድስት አቧራ ላይ ተከምሮ ልጆቹ እሱ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ዶዘሩ የጎረቤታችንን ቤት አፍርሶ አጥራችን ጋ ሲደርስ ዞረ። የኛ ቤት ካርታ ስላለው አልነኩትም። ከነአዲሱ ምርጊቱ ቆሞ ቀረ፤ እኔ በበኩሌ ላየው አስጠላኝ።

የሰደበን ሰው የለም። «ለራሳቸው አውቀው ነው ያሳደሱት» የሚል ወሬ ብቻ ዞረ፣ ሰላምታም አጠረ። እድሩም «ጋሼ ይረፉ» ብሎ በጨዋ ደንብ ሌላ ሰብሳቢ መረጠ። አባቴ ቢጨንቀው መንደሩ እንዲፈርስ መቼና በማን እንደተወሰነ ሊጠይቅ ወረዳ ሄደ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። ጠረጴዛው ጀርባ ያለችው ወጣት ብድግ ብላ ወንበር ሰጠችው።

«ዝግ ስብሰባ ስለነበር አይነገርም አባባ» አለችው።

«እኔ እኮ የምክር ቤቱ አባል ነኝ!»

«ቢሆኑም።»

ብትቆጣን ይሻለኝ ነበር። ትሕትናዋ ነው ያንገበገበኝ፤ የምጮህበት ሰው አጣሁ።

ጎረቤታችን ዕቃዋን የጫነች ቀን አባቴ ሊሰናበታት ወጣ። ወንድሟ ቦታውን ለሌላ ሰጥቶታል፤ ለጊዜው የምትጠጋው ባሏ የሚጠብቀው ቪላ ጓሮ ነው፣ ባለቤቶቹ እስኪያስወጧቸው። አዲሱ ቆርቆሮ ተጣሞ መኪናው ላይ ተጭኗል።

«እግዚአብሔር ምስክሬ ነው ልጄ፣ አላውቅም ነበር» አላት።

«አምንዎታለሁ ጋሼ» አለችው።

አንድ ሰው አመነው ብዬ ደስ አለኝ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«እኔን የገደለኝ ይኸው ነው። አውቀው ደብቀውን ቢሆን፣ በሚቀጥለው የማይደብቀን ሰው እንመርጣለን እል ነበር። እርስዎም ካላወቁ ማንን ነው የምንልከው?»

ሹፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ ትንሹን ልጇን አቅፋ ጋቢና ገባች።