የዳርኳት ሰላይ

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር በተከራየነው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ አንዲት ሰላይ ለጠላት መኮንን ዳርኩ። የዳርኳት በማይክሮፎን ነው፣ ምእመናን ሁሉ እየሰሙ። ነገሩ ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ ልቤ ድው ድው ይላል፤ ከዚያ ደግሞ ብቻዬን መሳቅ እጀምራለሁ። ታክሲዬ ውስጥ ከሆንኩ የጊጊሪ ሰፈር ደንበኞቼ በስፖኪዮ ሰርቀው ያዩኛል።

እንጀራዬ ታክሲ ነው። እሑድ እሑድ ግን አስተርጓሚ ነበርኩ። ኬንያዊ ሰባኪ ሲጋበዝ ከጎኑ የምቆመው እኔ ነኝ። እሱ ሲጮህ እጮኻለሁ፣ ሲንበረከክ እንበረከካለሁ፣ መድረኩን ወዲያ ወዲህ ሲለው የማይክሮፎኔን ሽቦ እየጎተትኩ እከተለዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አድርጌያለሁ። ጎበዝ አስተርጓሚ ነበርኩ፤ ራሴን ማመስገኔ ይታወቀኛል፣ ግን ማንም ይመሰክርልኛል።

በዚያ ሰሞን አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ናት፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ያን ለምጄዋለሁ። ያልቻልኩት ቤተ ክርስቲያን መምጣት ማቆሟን ነው። መጀመሪያ ራሴን አመመኝ አለች፣ ቀጥሎ ፈተና አለብኝ አለች፣ በመጨረሻ ምክንያት መስጠቱንም ተወችው። እኔና እናቷ ኪሌለሽዋ ሰፈር ካለው አፓርታማችን ለብሰን ስንወጣ ከስልኳ ቀና ብላ ታየንና መልሳ ታቀረቅራለች። መቆጣት ሞክሬያለሁ፣ መለመንም ሞክሬያለሁ። ልጄን ዓይኔ እያየ ላጣት ነው ብዬ ፈራሁ።

ስለዚህ ወጣቶቹ የፊልም ፕሮግራም ይፈቀድልን ብለው ሲጠይቁ፣ ፊልሙን የመረጠችውም የኔ ልጅ መሆኗን ስሰማ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ፊልም ጥቅም ተናገርኩ። ፈቀዱ፣ ግን እንዲሁ አይደለም። ወላጆችም አብረው ያያሉ፤ እንግሊዝኛ ስለማያውቁ እኔ ከስር የሚጻፈውን እያነበብኩ አስተረጉማለሁ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ደግሞ ከላፕቶፑ አጠገብ ይቀመጣሉ። ነውር ነገር ከመጣ ያጠፉታል፤ ከጠፋ የወጣቶቹ ፕሮግራም በዚያው ያበቃል። ይህን ለልጄ ስነግራት ትከሻዋን ነቅንቃ፣ ካጠፉት እኔም ሁለተኛ እዚያ አልደርስም አለችኝ። እንደማትደርስ አውቃለሁ። እልኳን የወረሰችው ከኔ ነው።

ፊልሙን ቀድመህ አላየኸውም ወይ የሚለኝ ይኖራል። አላየሁትም። ሳምንቱን ሙሉ መሪ ላይ ነበርኩ። ምን ዓይነት ነው ስላት የጦርነት ታሪክ ነው አለችኝ፤ እኔም ለሽማግሌዎቹ ታሪክ ነው አልኳቸው።

ፊልሙ ሲጀምር አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዲት የእስያ ወደብ ከተማ በባዕድ ጦር ተይዛለች። ዝናብ ነው፣ መንገዱ ጠባብ ነው፣ በየማዕዘኑ ፍተሻ አለ። ዋናዋ ሴት ልብስ ሰፊ ናት። የወራሪው ጦር የስለላ ሹም፣ አንድ ኮሎኔል፣ ልብሱን የሚያሰፋው እሷ ዘንድ ነው። ታዲያ ይህች ሴት የከተማዋን ሰዎች መልእክት የምትልከው በማን መሰላችሁ? በራሱ በኮሎኔሉ! ከኮቱ ገበር ሥር ወረቀቱን ትሰፋዋለች፤ ኮቱ ፍተሻውን ሁሉ ሰላምታ እየተሰጠው ያልፋል፤ ወዲያ ማዶ ያለው የኮሎኔሉ ልብስ አጣቢ፣ የሷ ሰው፣ ገበሩን ፈትቶ ያወጣዋል። እንዲህ ያለ ብልሃት አይቼ አላውቅም። ወታደሩ ሲጮህ እየጮኽኩ፣ ሴትዮዋ ስታንሾካሹክ እያንሾካሾክኩ አስተረጎምኩ። አንድ ወታደር የኮቱን ጫፍ ሲዳስስ እናቶች ከመቀመጫቸው ሆነው ጌታ ሆይ ሸፍናት እያሉ ይጸልያሉ። ወጣቶቹ እንኳ አልሳቁም። ልጄ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ወደ ኋላ ዞር እያለች የእናቶቹን ፊት ታያለች። ደስታዋን አይቼ ክንፍ አወጣሁ።

ያን ጊዜ ነው ኮሎኔሉ አዲስ ልብስ ሊለካ የመጣው። ሜትሯን ይዛ ትከሻውን ስትለካ እጇን ያዛት። አያያዙን አየሁና ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። ሰብሳቢው ሽማግሌም ገብቷቸዋል፤ ጣታቸው ወደ ላፕቶፑ ሄደ።

"ወንድሜ፣ ይህ ሰው ምኗ ነው?" አሉኝ።

ልጄ ፊልሙን ትታ የሳቸውን ጣት ታያለች። ያኔ አፌ ከኔ ቀድሞ ሄደ።

"ባሏ ነው" አልኩ። "ሰሞኑን ነው የተጋቡት።"

ጣታቸው ተመለሰ። ኮሎኔሉ ሳማት። ሽማግሌው የጫማቸውን ማሰሪያ ሊያስተካክሉ ጎንበስ አሉ፣ ግን አላጠፉትም። ወጣቶቹ አካባቢ ሳቁ ፈነዳ። ልጄ ብቻ ሳትስቅ አፍጥጣ አየችኝ።

ተገላገልኩ ስል ጉድ ፈላ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፣ በጸሎት ቡድኑ ሁሉ የሚፈሩ እናት፣ ወራሪ ነው የተባለውን ሰው አግብታ ከሆነ ባንዳ ናት እንጂ ምን ሰላይ ናት አሉ። ኧረ እሱም በልቡ ከከተማው ሰዎች ጋር ነው አልኩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በልቡ ከሰዎቹ ጋር ነው ያልኩት ኮሎኔል ልብስ አጣቢውን ይዞ ግድግዳ ሥር አስረሸነው። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ለማስመሰል ነው አልኩ። አንዱን ስሸፍን ሌላው እየተገለጠ ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ ሴትዮዋ ጓደኞቿ ጠመንጃ ይዘው ወደሚጠብቁበት ወደብ ኮሎኔሉን ይዛው ልትመጣ ተስማማች። ይህን ምን ብዬ ላስተርጉመው? እንዳለ አስተረጎምኩት። አዳራሹ ተነሳባት። የገዛ ባሏን? ያመናትን ሰው? አንድ አባት ይሄ ለሴት ልጆቻችን የሚያስተምረው ምንድን ነው ብለው ተነሱ። ለኮሎኔሉ ያዘኑ እናቶች ሁሉ ነበሩ። ያቺን ጀግና በሦስት ውሸት ከዳተኛ አደረግኋት።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ይብቃን አሉና አቆሙት። ስክሪኑ ላይ የሴትዮዋ ፊት ደርቆ ቀረ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጄ ስትነሳ ወደ በሩ የምትሄድ መሰለኝ፤ የመጣችው ግን ወደ እኔ ነው። ማይክሮፎኑን ከእጄ ወሰደችው። አልጠየቀችኝም።

"ሶሪ፣ ይቅርታ" አለች። "አባቴ ዋሽቷል። ባሏ አይደለም። ኤነሚ ነው። እሷ የምትወደው ፕሪቴንድ እያደረገች ነው። አንደርከቨር ናት። ማለት..." ቃሉ ጠፋት። ወጣቶቹን አየች፣ ከነሱም የሚያውቀው የለም። "ማለት፣ ከነሱ ጋር ትሆናለች፣ ግን ለሰዎቿ ነው የምትዋጋው። ከውስጥ።"

ባንዳ ናት ያሉት እናት ከኋላ ድምፃቸው መጣ። "የውስጥ አርበኛ ናት በያ፣ ልጄ!"

"አዎ" አለች። "የውስጥ አርበኛ።"

ቃሉ በአዳራሹ ውስጥ ከወንበር ወንበር ሲዞር ሰማሁት። አርበኛ ናት ለካ። አባቶች ወዲያው ተቀመጡ። ሽማግሌው ግን አልጨረሱም፤ ታዲያ አባትሽ በእግዚአብሔር ቤት ለምን ዋሸን አሏት። ልጄ እሳቸውን አንተ ማለት ነውር መሆኑን አታውቅም፤ አንተ እንዳታጠፋው ብሎ ነው አለቻቸው፣ ካጠፋኸው አልመጣም ብዬው ስለነበር፣ ስለ እኔ ነው የዋሸው። ይህን ስትል አላየችኝም። ለካ ነገሩን ሁሉ ስታየው ነበር።

ሽማግሌው ስክሪኑ ላይ ወደ ደረቀው ፊት ዞሩ። ሲስማትስ፣ ያም ለአርበኝነቱ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አዎ፣ ግን ያማታል አለቻቸው። በዚያች መልስ አንዲት እናት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

"በይ አንቺ ተርጉሚልን" አሉ ሽማግሌው። "ያለውን እንዳለ።"

በእጃቸው አስጀመሩት። እኔ ከወላጆች መሃል ገብቼ ተቀመጥኩ። ልጄ በዚያ በሚሰናከል አማርኛዋ፣ ወጉን የምትስተውን፣ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ የምትደባልቀውን አማርኛ ይዛ ወደቡ ላይ ወሰደችን። የተደበቁት ሰዎች በጨለማው ውስጥ ኮሎኔሉን የሚለዩት በኮቱ ነው፤ ኮቱን የለበሰውን ተኩሱ ተብለዋል። ኮሎኔሉና ሴትዮዋ ጎን ለጎን እየመጡ ነው። ዝናቡ በረታ። ኮሎኔሉ ቆመ፣ ኮቱን አወለቀና በሷ ትከሻ ላይ ጣለው።

አዳራሹ ቀጥ ብሎ ተነሳ። እናቶች አውልቂው አውልቂው ይሏታል በአማርኛ፣ ወጣቶቹ ይጮኻሉ በእንግሊዝኛ፣ ሽማግሌው ራሳቸው ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው ቆመዋል። እኔም የወንበሩን ጫፍ ይዤ እጮኻለሁ። ብታወልቀው ይጠረጥርና ያመልጣል። ሴትዮዋ ኮቱን አላወለቀችም። ክንዱን ያዘችና ወደ ራሷ አስጠግታ፣ ተጣብቃበት መራመድ ቀጠለች። ከዚያ ተኩስ ብቻ ነው የተሰማው። ልጄ ማስተርጎም አቁማለች፤ ማንም አልጠየቃትም።

መብራት ሲበራ አሮጊቷ እናት ከኋላ ተነስተው ልጄ፣ ተረፈች ወይ አሏት። እኔ ብሆን አተርፋት ነበር፤ ሐኪም ቤት ወስጄ፣ አሳክሜ፣ ምናልባትም ሌላ ባል ፈልጌ።

"አልተረፈችም፣ እማማ" አለች ልጄ። "ግን እሱም አልተረፈም።"

እሳቸው አንገታቸውን ነቅንቀው፣ እንዲያ ነው፣ እውነቱን ነገርሽኝ አሏት።

ለሚቀጥለው እሑድ የሚመጣ ኬንያዊ እንግዳ ሰባኪ ነበር። ሰብሳቢው ሽማግሌ እኔን ሳይሆን እሷን አስተርጉሚ አሏት። የዘጠኝ ዓመት ቦታዬን በአንድ ከሰዓት በኋላ አጣሁ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝም አያውቅም። እሑድ እሷ መድረክ ላይ ቆመች። አልጮኸችም፣ አልተንበረከከችም፣ ሰባኪውን እየተከተለች አልሮጠችም፤ አንድ ቦታ ቆማ ያለውን እንዳለ አለችው። ቃል ሲጠፋት ዝም ብላ ወደ ሕዝቡ ታያለች፤ ከዚህም ከዚያም ቃሉን ያቀብሏታል። ለእኔ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማንም አንዲት ቃል አቀብሎኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ የጠፋባትን ቃል አወቅሁትና ልሰጣት አፌን ስከፍት፣ ሽማግሌው ቀደሙኝ።