ጨዋታችንን የትኛው ሱቅ ይሽጠው?

ሰው ሲሰደድ በጨለማ ነው የሚባለውን አትመኑ። እኔ ከእሪ በከንቱ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት በየበሩ ቆሞ እያየኝ፣ ሻንጣዬን ናቲ ተሸክሞልኝ ነው። እናቴ ታክሲው ድረስ ሸኘችኝና "ለመሆኑ እዚያ ሄደሽ ምን ልትሠሪ ነው?" ብላ ለስንተኛ ጊዜ ጠየቀችኝ። "የባንክ ሒሳብ ልከፍት" አልኳት። እውነቴን ነበር፤ እሷ ግን ቀልድ መስሏት ትከሻዬን መታ አደረገችኝና ፊቷን አዞረች።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፣ በተለይ እንደኔ ጨዋታ ሠርታችሁ የት እንደምትሸጡት ለጨነቃችሁ። ናቲ አብሮ አደጌ ነው። እሱ ይሥላል፣ እኔ ኮድ እጽፋለሁ። ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ብዙው ጎረቤት ወደ ገላን ሳይዛወር በፊት መንገዱን በእርምጃ ለክተን፣ የጎረቤቱን ድምፅ በስልክ ቀድተን አንድ ጨዋታ ሠራን። ተጫዋቹ በእነዚያ ጠባብ መንገዶች እየዞረ ጎረቤቶቹን በድምፃቸው ፈልጎ ማግኘት አለበት፣ ሳይመሽ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሦስት ዓመት ፈጀብን። ስንጨርስ ኢንተርኔት ላይ ጨዋታ የሚሸጡትን ሱቆች አንድ በአንድ ሞከርን፤ "ክፍያ የሚቀበሉበት አገር" የሚለውን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ወረድነው፣ የኛ አገር የለችበትም። አንዳችን መውጣት ነበረብን። የናቲ አባት ታመው ስለነበር መንገዱ ለኔ ወጣ፤ ኬንያ ዝርዝሩ ላይ ስላለች ናይሮቢ ሄድኩ።

ናይሮቢ የሐምሌን ብርድ ታውቀዋለች፣ የሐምሌን ደመናም ታውቀዋለች፣ ሹሩባዬን አይታ "ማን ሠራሽ?" የምትል ሴት ግን የላትም። ኡጋሊ የሚሉት ምግባቸው ቅቤና በርበሬ የረሱበት ገንፎ ነው። ማታቱ፣ ማለት ሚኒባሳቸው፣ ዘፈኑ ጆሮ ይበጥሳል፤ ከጎኔ የሚቀመጠው ሰው ግን ቤቴ ድረስ አንድ ቃል አይተነፍስም። ፒያሳ ቢሆን እስከ ምኒልክ አደባባይ የማን ልጅ እንደሆንኩ ባወቁ ነበር።

አከራዬ ማማ ንጄሪ ገና በሩ ላይ ነው ምርመራ የጀመረችው።

"ሥራሽ ምንድን ነው?"

"የኮምፒውተር ጨዋታ እሠራለሁ።"

"የኔም ልጆች ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ናቸው፤ ሥራ ነው ያለኝ ግን የለም። ሱቅሽ የት ነው?"

"ኢንተርኔት ላይ።"

"ታዲያ እዚያው ለምን አትኖሪም?" አለችና ቁልፉን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ሰጠችኝ።

ባንክ ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ። ከመስኮቱ ኋላ ያለው ሰውዬ የቤተሰብ ስም ጠየቀኝ። ደረጀ የአባቴ ስም ነው፣ ወልዴ የአያቴ ነው አልኩት።

"የጠየቅኩሽ የቤተሰብሽን ስም ነው።"

"ቤተሰቤ ስም የለውም፤ ሁሉም የየራሱ አለው።"

"እናትሽስ?"

"የእሷ ሌላ ነው።"

"አልተጋቡም?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዳላፍር።

"በተክሊል ነው የተጋቡት!" ብዬ ጮህኩበት። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሒሳቡን ለመክፈት አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

የመኖሪያ ፈቃዴ የስድስት ወር ነበር። ለማሳደስ የተፈረመ የሥራ ውል አምጪ ተባልኩ። እንግዲህ ሱቅ የመምረጡ ነገር የሞት ሽረት የሆነው ያኔ ነው። ትልቁ ሱቅ ገዢው ሁሉ የሚሄድበት ነው፤ ግን በየቀኑ የሚገባበት አዲስ ጨዋታ ከመብዛቱ የተነሣ፣ ያለ ማስታወቂያ መርካቶ መሀል እንደ መቀመጥ ነው። ትንሹ ሱቅ ደግ ነው፣ የሚወስደውን ድርሻ ራስሽ ወስኚ ይላል፤ ታዲያ የሚጎበኙት አብዛኞቹ እንደኛው ጨዋታ ሠሪዎች ናቸው። ሁለቱም ማንንም ስለሚቀበሉ የኢምግሬሽን ሰዎች የሚያምኑት ውል አይጽፉም። ሦስተኛው ግን ጨዋታውን አይቶ ወደደው። ለአንድ ዓመት እኛ ጋ ብቻ ይሁን፣ ቅድሚያ እንከፍላለን፣ ውል እንፈርማለን አለ። ደብዳቤውን ወዲያው ለናቲ ላክሁለት።

ናቲ አልወደደውም። "እዚያ ከተቆለፈ የኛ ሰዎች እንዴት ያዩታል? ውጭ አገር የሚሠራ የባንክ ካርድ ያለው ማነው?" አለኝ። ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ለመኖሪያ ፈቃዴ ሲል "እሺ፣ ያንቺ ይሁን" አለ።

የውሉን ቅጽ ፈርሞ የመላኪያው የመጨረሻ ቀን ዓርብ ነበር፣ በኛ አቆጣጠር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ቅጹ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ነበረች፦ ጨዋታው ከዚህ በፊት በማንኛውም መንገድ ለሌላ ሰው ደርሷል? "አይ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ለማረጋገጥ ያህል ብቻ ናቲ ጋ ደወልኩ።

ጥያቄዋን አነበብኩለት።

"ናቲ?"

"ለአቡሽ ሰጥቼዋለሁ።"

አቡሽ ፒያሳ ዘፈንና ፊልም ስልክ ላይ የሚጭነው ሰውዬ ነው። ሰፈራችን ማንኛውም ነገር ተሠርቶ ሲያልቅ እሱ ጋ ይሄዳል፤ የሠርግ ቪዲዮ ይሁን ስብከት፣ ከሱ ላፕቶፕ ነው ወደ ሰው ስልክ የሚገባው። እንደዚያ ነው የለመድነው።

"ሸጥክለት?!"

"ምን ነካሽ! በነፃ ነው። ለሰፈር ሰው ብቻ። ሽያጭ አይደለማ!"

"ስንት ሰው ወስዶታል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። አንዱ ለአንዱ ይልከዋል። ገላን ደርሷል አሉ።"

"አሁኑኑ አጥፉት!"

"ከአቡሽ ላፕቶፕ ላጥፋ። ከሰው ስልክ እንዴት አድርጌ ነው የማጠፋው?"

ጮህኩበት። በመኖሪያ ፈቃዴ ቀለድክ አልኩት፤ ከዚህም የባሰ ብያለሁ፣ እዚህ አልጽፈውም። እሱ ታገሰኝና "ማሂ፣ ድምፃቸውን ስንቀዳ ሲያልቅ ታያላችሁ ብለናቸው አልነበር?" አለ። ብለናል። ሁለታችንም ነን ያልነው። ከዚያ ለስለስ ብሎ "ዝም ብለሽ ፈርሚ። እነዚያ ሰዎች አቡሽን የት ያውቁታል?" አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አያውቁትም። ግን አንዱ ጎረቤት ቪዲዮ ቀርጾ ቢለቀው ውሸታሟ እኔ ነኝ፤ ውሉም ሒሳቡም በስሜ ነው። "አዎ" ብል ደግሞ ውሉም ፈቃዱም ይቀራል። ለአሥራ አንድ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

"ቆይ፣ እትዬ ጥሩወርቅ እዚህ አቡሽ ጋ ናቸው፣ ስልኩን ካልሰጠኸኝ ብለው ይዘውኛል" አለ ናቲ። እትዬ ጥሩወርቅ ጎረቤታችን ነበሩ። ጨዋታውን ሊያስጭኑ ከገላን ድረስ በሁለት ታክሲ መጥተው፣ ከጠዋት ጀምሮ አቡሽ ሱቅ ተቀምጠው ሲጫወቱ መዋላቸው ነው።

"ማሂዬ!"

"እትዬ፣ ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ። የኔን ድምፅ አገኘሁት፣ የናትሽንም አገኘሁ። ናቲም እዚያ ጥግ ላይ ያፏጫል። አንቺን ግን ሰፈሩን ሁሉ ዞርኩ፣ አጣሁሽ። የት ነው ያደረግሽው ራስሽን?"

ሦስት ዓመት ሙሉ የሁሉንም ድምፅ ስቀዳ ስልኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የኔን የቀዳ ሰው የለም።

ምልክቱን ከ"አይ" አንሥቼ "አዎ" ላይ አደረግኩት። ከሥሩ ባለው ክፍት ቦታ፣ ጎረቤቶቻችን ጋ አለ፣ ልንመልሰው አንችልም ብዬ ጻፍኩና ላክሁት።

"አልቅሰሽ ነው?" አሉኝ።

"አይ እትዬ።"

"እሺ። ገና አልመሸም፣ ደግሜ ልዙር። ስልኩን እንዳትዘጊው" አሉኝ።

አልዘጋሁትም።