ፀሐይ የመታው ጡት

የዝና፣ ልጅ ማሳደግ አስተምሩኝ ብላ የማንንም ደጅ ጠንታ አታውቅም። ላስታ ሳለች ሰባት ወልዳ አምስቱን አሳድጋለች፤ ሕፃን አልቅሶ አልተው ባለ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠራው እሷን ነበር። ያ ሁሉ እውቀት ግን የሰባ ሰባትን ድርቅ አላሻገራትም። ቤቱ አልቆ ልጇ ታፈረ፣ ሚስቱ ደብሬና ሁለት ልጆቻቸው ሲቀሩ፣ ካድሬው ስለ ሰፈራና ስለ ለም መሬት ሰበከ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ነውና መኪናው ላይ ወጡ። ፓዌ እስኪደርሱ ሁለት የልጅ ልጆቿን መንገድ ላይ ቀበረች።

ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት ደብሬ ሴት ልጅ ስትገላገል የዝና ማለች። ይህቺን ለአፈር አልሰጥም አለች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

ደብሬ ከአራስ ቤት እንደ ወጣች ለወል እርሻው ተጠራች። ሕፃኗ ከአያቷ ጋር ትውላለች። እናትየው ለምሳ ላቧ ጠብ እያለ ተመልሳ ላጥባ ስትል፣ የዝና እጇን ትይዛታለች። በአገራቸው ደንብ ፀሐይ የመታው ጡት ለሕፃን አይሰጥም፤ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል። መጀመሪያ ታልቦ ይፈሳል። ደጋ ላይ ይህ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም፤ ሁለት ጠብታ አፍስሶ ማጥባት ነው። የፓዌ ፀሐይ ግን አናት ይበሳል፤ የዝናም በፀሐዩ ልክ አስፈሰሰች። ቀትር ላይና ማታ፣ ጡቱ እስኪላላ ድረስ።

ደብሬ አንድ ቀን ደፍራ፣ ልጄ እኮ እየራባት ነው አለች።

"ረሃቡንስ እናውቀዋለን" አለቻት የዝና። "የማናውቀው የዚህን አገር ፀሐይ ነው።"

በአራተኛው ወር ጡቱ እየነጠፈ መጣ። ገንዲ የሚሉት የቆላ የከብት በሽታ የማኅበሩን ከብት ፈጅቶት ስለነበር በመንደሩ የሚታለብ አልነበረም። የደረሰላቸው አለነ ነው። ከማንቡክ በላይ ባለው ደጋ ጠርዝ የኖረ ነባር ገበሬ ሲሆን ሚስቱ የሕፃኗ ክርስትና እናት ናት። አንዲት ላም ከነጥጃዋ ነድቶ አመጣና፣ እየታለበች ልጅቱ ትጠጣ፣ ስትነጥፍ ትመልሱልኛላችሁ አለ። የዝና ጉልበቱን ልትስም ወደቀች።

ወተቱን አፍልታ በጡጦ ሰጠቻት። ሕፃኗ እንቅልፏን ለጥ አለች፤ ክንዷ ደለበ። የዝና አዝላት መንደሩን ዞረች፤ ኮራች፣ ማን ይፈርድባታል? የደብሬን ጡት ያስታወሰው አልነበረም።

ስምንት ወር ሲሞላት ልጅቱ ነጣች። ቀይ ናት፣ በአባቷ ወጥታ ነው አለች የዝና። በኋላ ግን መዳፏ እንደ ሰም ሆነ፤ ስትጠራ ዓይኗን የምትገልጠው በስንት ጉትጎታ ነው። ሁለቱ ሴቶች ይዘዋት ወደ ክሊኒኩ ሄዱ።

ጤና ረዳቱ ነገሪ የሚባል የወለጋ ወጣት ነበር። የልጅቱን የዓይን ቆብ ገልብጦ አየና ምን እንደምትጠጣ ጠየቀ። ከዚያ ረጋ ብሎ አስረዳቸው። የላም ወተት ዓመት ላልሞላው ልጅ መጠጥ አይሆንም፤ ደም የሚሠራውን ነገር አይሰጥም፣ ጭራሽ ለጋውን አንጀት ለዓይን በማይታይ መጠን እያደማ ያለውን ይጨርሳል። መወፈሯ አታሏችኋል አለ። እናቷ እያለች ጡቱ የት ሄደ ሲል ግን ደብሬ መሬት መሬት አየች። የመለሰችው የዝና ናት፤ የፀሐዩን ነገር አንድ ሳታስቀር፣ እንደ ባለሙያ ነገረችው።

ነገሪ በርጩማውን ወደ የዝና አስጠጋ።

"እማማ፣ ፀሐይ ቆዳ ያቃጥላል እንጂ ጡት ውስጥ አይገባም። ሲያስፈስሱ የኖሩት መድኃኒቷን ነው።"

"አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ስንት አሳድገሃል?"

"አንድም አላሳደግሁም። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ግን ብዙ ቀብሬያለሁ።"

የደም መድኃኒት አልቆበት ነበር። ቀን ከሌት ጡቱን ታጥባት፣ ሊመለስ ይችላል አለ፤ ገንፎም አቅጥናችሁ አጉርሷት አለ። ደብሬንም ከእርሻው ለሳምንት አስለቀቃት።

ቤት ሲደርሱ ልጅቱን ወስዳ ደብሬ ጡት ላይ ያደረገቻት ራሷ የዝና ናት። ሕፃኗ ሳበች፣ ለቀቀች፣ አለቀሰች። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ሲባል ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማ ኖራለች፤ እንዲህ ያማል ብላ ግን አላሰበችም። ሦስት ቀን ደብሬን በአጥሚት ስታደልብ፣ ጀርባዋን ስታሽ ሰነበተች። በአራተኛው ቀን ጥቂት ወተት ጠብ ሲል የዝና እልል ልትል አማራት። በማግስቱ ወባ ልጅቱን ያዛት። ደም ያለው ልጅ ቢሆን ይሟገተው ነበር፤ እሷ ግን ጠዋት አተኩሷት እኩለ ቀን ላይ ሞተች።

ደብሬ አማቷን በአንድ ቃል አልወቀሰችም። ወቅሳት ቢሆን ለየዝና ይቀላት ነበር።

በዓመቱ ወንድ ልጅ ተወለደ። ወተት ያፈላም፣ ጡት ያስፈሰሰም የለም። ደብሬ እርሻ በተመለሰች በመጀመሪያው ቀን፣ ቀትር ላይ መጣችና ላቧን እንኳ ሳትጠርግ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ልጁን ከየዝና እቅፍ ተቀብላ፣ ዓይኗን ከአማቷ ዓይን ሳትነቅል ጡቷን አጎረሰችው። የየዝና እጅ በልማድ ተነሳ። መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችውና ልጁ ሲውጥ አዳመጠች።