ጀርመኑ ቫዮሊን ተጫዋችና የሙላው ሙሾ

ስለ ኤክሃርት ሎመር ለመጻፍ ተገቢዋ ሰው እኔ አለመሆኔን አውቃለሁ። ስለ ጃዝ ያለኝ ዕውቀት ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኋቸው ሁለት መጻሕፍት የተወሰነ ነው። ይሁን እንጂ በእሱና በእትዬ ማንአልሞሽ መካከል ቆሜ የአንዱን ቃል ለሌላው ያደረስሁት እኔ ነኝ፤ አንዳንዱን ሳላደርስ ያስቀረሁትም እኔው ነኝ።

ሎመር በ1946 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ብሬመን በምትባለው የጀርመን ከተማ፥ ጦርነት ባፈረሰው ሰፈር ከአንድ ሰዓት ሠሪ ተወለደ። በሠላሳ ዓመቱ ነጭ ኮት ለብሶ በቴሌቪዥን የማይታይበት ቅዳሜ አልነበረም፤ «ቫዮሊኑን የሚያስቀው ሰው» ይሉት ነበር። ዘመኑ ሲያልፍ አገሩ ረሳው፤ እሱም አገሩን ይቅር አላለም። በ2001 ሚስቱ ኡርሱላ ሲያትል ውስጥ ሥራ ስታገኝ ተከትሏት መጣ። ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሰፈር፥ ከመጋዘኖቹ መካከል፥ ለሙዚቀኞች መለማመጃ በተከፋፈለ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ አንድ ክፍል ያዘ። ጎረቤቶቹን አይወድም፤ ከበሮ መቺዎቹን «አናጢዎች» ይላቸዋል፤ ሰላም ያለውን ሰው ሰዓቱን አይቶ ያልፈዋል።

ያንን ሕንፃ የሚያጸዱት እትዬ ማንአልሞሽ ነበሩ። እኔ የምኖረው ዋይት ሴንተር በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ግን በጽዳታቸው አይደለም፤ በከተማው ውስጥ ሐበሻ ሲሞት ሙሾ የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው። የሟቹን ስም፥ ጠባይና ሥራ ጠይቀው ለእሱ ብቻ የሚሆን ሙሾ ያወጣሉ፤ ለአንዱ የወረደውን ለሌላው አይደግሙም። በ2007 ታናሽ ወንድማቸው ሙላው ደብረ ማርቆስ ላይ ሲሞት፥ የመኖሪያ ወረቀታቸው ስላላለቀ ለቀብሩ አልደረሱም። ሙሾውን ያወረዱለት ሶዶ፥ ባዶ ኮሪደር ላይ፥ መወልወያቸውን እየገፉ ነው።

«ዓይኔ መንገድ መንገድ፥ ደጁን ሲያይ ዋለ፤
ሙላው መጣ እንዳልል፥ ሙላው ካፈር አለ።»

እኔም ላግዛቸው በሄድሁባቸው ቀናት ሰምቼዋለሁ። ሎመርም በሩን ገርበብ አድርጎ ሰማ፤ ሰምቶም ዜማውን ጻፈው።

በ2009 ካፒቶል ሂል በሚባለው የሲያትል ሰፈር ከሚገኝ የሙዚቃ ቤት በአስተናጋጅነት ስሠራ፥ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያንን ዜማ መድረክ ላይ ሰማሁት። ፈጥኗል፤ እግር ያስመታል። ሰዎች ተነሥተው ይጨፍሩ ነበር። ሎመር «እሑድ በሶዶ» ብሎ ሰይሞታል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ሕዝብ ስሙን እየጠራ ያጨበጨበለትም በዚሁ ዜማ ነው። ለእትዬ ማንአልሞሽ መንገር ነበረብኝን? እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ነገርኋቸው።

በማግሥቱ ኮሪደሩ ላይ ጠበቁት።

«እስከዳር፥ ንገሪው» አሉኝ። «አስከሬን ጎትቶ ሠርግ ቤት የገባ ጅብ ነህ በይው!»

እኔ ግን ዜማው ለሞተ ወንድማቸው የወረደ መሆኑንና እጅግ እንዳዘኑ ብቻ በእንግሊዝኛ ነገርሁት።

«የሚያሳዝነውን ደስ የሚል ያደረግሁት እኔ ነኝ» አለ ሎመር፥ ቁልፉን እያወጣ። «ያለ እኔ ባልዲ ውስጥ ይቀር ነበር። ደግሞስ ዜማ አየር ነው፤ ባለቤት የለውም።»

ባልዲውን ትቼ አየሩን ተረጎምሁላቸው።

«አየር ከሆነ ከእኔ አፍ ምን አስነጠቀው? ሰማዩ ሙሉ አየር አይደለም እንዴ!»

«ምን አለች?»

«እንድትተወው ይለምኑሃል።»

«የሚለምን ሰው እንዲህ አይጮኽም» ብሎ ሳቀ። «ስሟን አልበሙ ጀርባ ላይ እጽፍላታለሁ በያት።»

«ስሜን? የወንድሜ መቃብር ላይ ማስታወቂያ ልለጥፍ?» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰው ሳይሞት ሙሾ የሚያወርድ ሞትን በስሙ ይጠራዋል። ቤቱን ይጠብቅ፥ በይው።»

ይህንን አልተረጎምሁም። በሠለጠነ ሰው ፊት ሟርት መናገር አሳፈረኝ። «ደኅና ዋል ይሉሃል» አልሁት።

ሎመር ዜማውን አምስት ዓመት ተጫወተው። ሬዲዮ አስተላለፈለት፤ ከፖርትላንድም ከቫንኩቨርም ጠሩት። እትዬ ማንአልሞሽ የእሱን ክፍል ማጽዳት ተዉ። እሱ ቆሻሻውን በእግሩ ወደ ኮሪደሩ ይገፋል፤ እሳቸው በመጥረጊያ በበሩ ሥር መልሰው ይገፉለታል።

በ2014 ሚያዝያ ኡርሱላ ሞተች። ከሐበሾቹ መካከል ሟርቱ ያዘው የሚሉ ነበሩ። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር አላምንም፤ ያም ሆኖ ብዙ ቀን እንቅልፍ አጣሁ።

እትዬ ማንአልሞሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፥ «ተነሽ፤ ለቅሶ እንድረስ» አሉኝ።

«እየጠሉት፥ እትዬ?»

«የምጠላው እሱን ነው። የሞተችው እሷ ናት።»

ሎመር የቤቱን በር ከፈተ። «ልትደሰት ነው የመጣችው?» አለ። እንዳለ ተረጎምሁት፤ በዚያ ቀን አንዲት ቃል ላላስቀር ለራሴ ምዬ ነበር።

«ለደስታዬ አንተ ቤት ድረስ አልለፋም» አሉና ገብተው ተቀመጡ።

ሎመር ወለሉን እያየ፥ «ያንን ዜማ ራሷ እንደምታዜመው ታዚመው» አለ። «ለኡርሱላ። በቀስታ።»

«ያንን?» አሉ እትዬ ማንአልሞሽ። «አምስት ዓመት ሲያስጨፍርበት ኖሮ! እንባው አልቋል በይው። የጨረሰው ራሱ ነው።»

ቃል በቃል ነገርሁት። የሎመር ከንፈር ነጣ።

«ውጡ» አለ።

«እግዜር ያጥናህ በይው» አሉ እየተነሡ። ተርጉሜ ሳልጨርስ በሩ በጀርባችን ተዘጋ።

በሚቀጥለው ወር ካፒቶል ሂል ላይ ታዳሚው «እሑድ በሶዶ!» እያለ ጮኸ። ሎመር ደጋኑን አውታሩ ላይ አሳረፈ፤ ግን አልሳበውም። ጥቂት እንደ ቆመ ቫዮሊኑን ሣጥኑ ውስጥ ከትቶ ከመድረኩ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ያንን ዜማ ሲጫወት የሰማው የለም።

ማክሰኞ ዕለት ሶዶ ሄጄ፥ «እትዬ፥ ትቶታል» አልኋቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

መወልወያውን ባልዲው ውስጥ ነክረው ጨመቁት።

«መለሰልኝ ማለትሽ ነው?»

ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ወለወሉት፤ ፊት እዚያው ለሙላው ያወረዱት ሙሾ ግን ከአፋቸው አልወጣም።