የሙሉዓለም ጾምና የአባባ ቪልዮ ማጨጃ

ሙሉዓለም ከላንግሊ ፓርክ በአውቶቡስ እየተመላለሰች ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የፊንላንድ ሽማግሌ ትጦራለች። አባባ ቪልዮ ነው የምትላቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ እንግሊዝኛው ከአፋቸው ረግፎ የቀራቸው የልጅነት ቋንቋቸው ብቻ ነው።

ያን ሰሞን እህል እምቢ አሉ። የሚያጓራውን የምንጣፍ መጥረጊያ መኪና፣ ቫኪዩሙን፣ ወዲያ ወዲህ ነድታ ምንጣፉን አጽድታ የአጃ ገንፎውን ስታቀርብ፣ አፋቸውን ገጥመው፣ ጣታቸውን መጀመሪያ ወደሷ፣ ከዚያ ወደ ሳህኑ እየቀሰሩ «ሌይኩፑይሙሪ» ይላሉ። ነርሷ እስከ ሐሙስ ካልበሉ ሆስፒታል ገብተው በቱቦ እንደሚመገቡ ተናግራ ሄዳለች።

ሙሉዓለም የምታውቀውን አደረገች፤ ጾም ጸሎት ያዘችላቸው። ቤቷ እስክትገባ ከውሃ በቀር አትቀምስም። ሁለቱ ባዶ ሆዳቸውን ይተያያሉ፤ ገንፎው መሐላቸው ይቀዘቅዛል። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ የሻሽወርቅ በስልክ፣ «አንቺ፣ ሰው ልትመግቢ ተቀጥረሽ አንቺው ከስተሽ ልታልቂ ነው» ብላ ቀለደችባት።

ረቡዕ ዕለት እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ያለችውን ልጃቸውን ሪትቫን ኮል አደረገቻትና ቃሉ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት። ሪትቫ ሳቀች። የእርሻ መኪና ነው፣ ኮምባይነር። ሌይኩ ማጨድ ነው፣ ፑይሙሪ መውቂያ፤ ሁለቱ ሥራዎች ተጋብተው አንድ ስም ሆኑ። በአባቷ መንደር መኪናው አንድ ብቻ ስለነበር ከማሳ ማሳ ይዞር ነበር፤ ነጂው ሳይበላ ደግሞ ባለማሳው ማንኪያ አያነሳም።

ሙሉዓለም ስልኩን እንደያዘች አርሲ ያለው አጎቷ ትዝ አላት፤ በደቦ ቀን ሠራተኛው ሳይጠግብ እጁን የማይታጠበው። ያን የሚያጓራ ቫኪዩም ስትነዳ የምትውለው እሷ ናት። ሰውዬው የሚጠብቁት እሷን ነው።

«ጌታ ሆይ፣ ጾሜን ልፈታ ነው፣ አንተ ታውቃለህ» አለች። ሳህን አምጥታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠችና ጎረሰች። ደገመች። አባባ ቪልዮ ጉንጯን ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያ በደህናው እጃቸው ማንኪያቸውን አነሱ።

እንባዋ በገንፎው ላይ እየወረደ፣ አፏ ላይ የመጣላትን አንጎራጎረች፦

ምን ሊጣፍጥ ኖሯል ብቻ የበሉት ምግብ፣
ከአውድማው ዳር ቆሞ ባልንጀራ ሲራብ።

«ይጨመርልዎ፣ አባባ?»

ድስቱን አዩ፣ እሷን አዩ። መጀመሪያ ለራሷ ጨለፈች።