የአባቴ ግራ እግር

የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ሰው አስታውሷችሁ ያውቃል? እኔን ትናንት ወደ ዲመካ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ዳገቱ ላይ ሲያቃስት፣ አባቴን አስታወሰኝ።

አባቴ በአሮጌ ፒክአፕ ከጂንካ ወደ ዲመካ ገበያ ጨውና ሳሙና ያመላልስ ነበር። ልጅ ሳለሁ ፍሪሲዮኑ ደጋግሞ ይቃጠልበት ጀመር። ጓደኛው መካኒኩ ታፈሰ ይስቅበታል፤ «አንተ ሰውዬ፣ የፍሪሲዮኑን ሸራ ትበላዋለህ እንዴ?»

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማርሽ ከቀየርን በኋላ እግራችን ፍሪሲዮኑ ላይ ከቀረ፣ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጎማው ጉልበት አያገኝም፤ ሸራውም እየተፋተገ ይቃጠላል።

አንድ ቀን ታፈሰ አብሮን ተሳፈረና የአባቴን አነዳድ አየ። እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ሙዝ እበላለሁ። ያን ቀን ታፈሰ አልሳቀም።

«ወንድሜ፣ እግርህን ለምን አታነሳውም?»

«አልነሳ አለኝ» አለ አባቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለእናቷ እንዳትነግራት።»

እኔ ስለ መኪናው የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ መኪናው ተሸጠ። አባቴ መጀመሪያ በከዘራ ሄደ፤ ከዚያ አልጋ ላይ ዋለ፤ ከዚያ አጣነው።

ትናንት ሾፌሩን «ወንድሜ፣ ግራ እግርህን አንሳ» አልኩት። ሳቀና ወዲያው አነሳው። ሽታው ጠፋ፤ እኔ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

እናንተም ስትነዱ፣ ማርሽ ከቀየራችሁ በኋላ ግራ እግራችሁን ወለሉ ላይ አሳርፉ። የሚነዳው አባታችሁ ከሆነ ግን፣ እባካችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ እግሩን እዩለት።