አባቴ የደፈናት ቀዳዳ

ዛሬ ጠዋት ደብረ ታቦር፣ ከግቢዬ ጥግ፣ ጣራ ሊጠግንልኝ የመጣው ሠራተኛ በአሮጌ ጣሳ ሬንጅ ሲያቀልጥ ሽታው በመስኮት ገብቶ ቤቱን ሞላው። በአባቴ መኝታ ክፍል ጣራ ላይ፣ ብርሃን እንዲገባለት ብዬ ከቆርቆሮው መሀል ያስገባሁት፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ አለ፤ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከጠርዙ ውሃ ይንጠባጠባል። ሠራተኛው መሰላሉን እያቆመ፣ እሱ ከላይ በጆግ ውሃ ሲያፈስ አንድ ሰው ከታች ሆኖ የመጀመሪያዋን ጠብታ እንዲያይለት ለመነኝ። ሥራውን እንደማውቀው አልነገርኩትም። በዘጠኝ ዓመቴ ከዚህ ሌላ ሙያ አልነበረኝም።

ያደግሁት ላይ ጋይንት፣ ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ፣ መንገድ ሠሪዎች ሰፍረውበት ከነበረ ሜዳ ዳር ነው። አባቴ የካምፑ ዘበኛ ነበር። መንገዱ አልቆ ካምፑ ሲነቀል፣ ድንኳኑም ማሽኑም ተጭኖ ሲሄድ፣ መሐንዲሱ ይኖርባት የነበረችው ካራቫን ግን የጎማ ብረቷ ተሰብሮ ስለነበር መጎተት አልተቻለምና ቀረች። ነጭ፣ ጎማ ያላት ቤት ነበረች፤ አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ ታጥፎ ከግድግዳው የሚለጠፍ ጠረጴዛ አላት፤ ከሁሉ የሚገርመው ግን ጣራዋ ላይ መስኮት ነበራት፤ ሰፈርተኛው «ይኸ መሐንዲስ ሰማዩ መኖሩን ሳያይ እንቅልፍ አይወስደውም» እያለ ይሥቅ ነበር። ሰውየው ሲሄድ ቁልፏን ለአባቴ ሰጠውና፣ ተመልሰን እስክንወስዳት ውሃ እንዳይገባባት፣ ሰውም እንዳያድርባት፣ አደራ አለው። አባቴ ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው። ደመወዙ ሁለት ወር ሳይሞላው ቆመ፤ አደራው ግን አልቆመም።

እኛ የምንኖረው ከካራቫኗ ሃያ እርምጃ ርቃ በቆመች፣ የክዳኗ ሣር በበሰበሰ ጎጆ ነበር። በጋይንት ክረምት ጉሙ ሳይጠራ እንደ ቤተኛ ይገባል፤ ልብስ ሰንብቶም አይደርቅ፣ እንጨቱ ይጨሳል እንጂ አይነድ። ዝናቡ ሲወርድ እናቴ ጨውና ክብሪቷን፣ የእኔንም ደብተር በቁርበት ጠቅልላ ታቅፋለች፣ አባቴ ደግሞ ጆንያ ተከናንቦ ይሮጣል፤ የሚሮጠው ግን ወደ ካራቫኗ ነበር። ጎረቤታችን አያ አለነ፣ አፉ የማያርፍ ገበሬ፣ «የሱ ቤት ሲዋኝ ይሄ የመሐንዲሱን ያደርቃል» እያለ ገበያ ለገበያ ያወራለት ነበር።

እናቴ ደረቷን ታማ ነበር። ሳሏ ከአምናው ክረምት ጀምሮ አልለቀቃትም፤ በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ጭራሽ ሲብስባት፣ ከዚያ በፊት ለምናው የማታውቀውን ባሏን ለመነችው።

«የማሬ አባት፣ ይኸ ክረምት እንዳለፈው አይደለም፤ ደረቴን በላው። እስኪያልፍ ድረስ ከዚያች ቤት ወለል ላይ ልጋደም። አልጋቸውን አልነካባቸውም።»

አባቴ ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ ጨካኝ ቢሆን ኖሮ እሱን መጥላት በቀለለኝ። አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠና «አደራ ነው እኮ፤ ሲመጡ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አላት። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እየተባለ ያደገ ሰው ነው። እሷም እንደዚያው ተብላ አድጋለችና አልደገመችለትም።

ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደና የጣራው መስኮት ማፍሰስ ጀመረ። አባቴ የሰው መርዶ የሰማ ያህል ደነገጠ። መጀመሪያ ጠብታው በሚወርድበት ትክክል ከላይ ሰም ለጠፈ፤ በማግስቱ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ፈሰሰ፤ እዚያም ሲለጥፍ ወደ ምድጃው ዞረ። ውሃ በገባበት እንደማይወርድ፣ በስንጥቁ ሾልኮ፣ ጣራውን ተከትሎ ሄዶ፣ ደስ ባለው ቦታ እንደሚንጠባጠብ የገባው ከሳምንት በኋላ ነው። ከዚያ ዘዴ አበጀ። ዝናብ ባባራ ቁጥር የመስኮቱን ጠርዝ ከውስጥ በጨርቅ አድርቆ ደረቅ አመድ ይቀባዋል፤ እሱ ከላይ ወጥቶ በጣሳ፣ ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ውሃ ያፈሳል፤ እኔ ውስጥ በጀርባዬ ተንጋልዬ አመዱ መጀመሪያ የጠቆረበትን ቦታ በከሰል እከባለሁ። ያየሁትን ስነግረው «የእኔ ልጅ ዐይን ጠብታዋን ሳትወድቅ ያያታል» ይል ነበር። በሕይወቴ ካገኘሁት ምስጋና ሁሉ የሚጣፍጠኝ ያ ነበር።

አባቴ ውሎው የሰው ማሳ ላይ ነበርና፣ ዝናብ ሲመጣ ከጠብታው ሥር ሳህን የሚያቀያይር ሰው ግድ አስፈለገ። እናቴን ራሱ አስገባት። ለማረፍ ሳይሆን አደራውን ለመጠበቅ ነው፤ ፍራሹም ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል። እናቴ የመጀመሪያውን ቀን በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ በሁለተኛው ከባዶው የአልጋ ጣውላ ጫፍ ላይ አረፈች፤ በሦስተኛው ጋቢዋን ለብሳ ተኛችበት። እኔ ሳህን እያቀያየርኩ አያታለሁ። ደረቅ ቦታ ላይ የተኛ ሰው ፊት እንዴት እንደሚፈታ ያየሁት ያኔ ነው። ሳሏ ቀለለላት፤ አንድ ቀን እንዲያውም በጣራው መስኮት የሚወርደውን ዝናብ እያየች «እንደ መሐንዲሱ እኛም ሰማይ እያየን ተኛን» ብላ ሣቀች።

ኋላ ሰሙ ያዘና ፍሰቱ ቆመ። አባቴ ደስ ብሎት በሩን ቆለፈ። ያን ቀን ከአጥራችን ቀጋ ጠንካራ እሾህ ቆረጥኩ፤ ቤቱን ላናፍሰው ብዬ ቁልፉን ተቀብዬ ገባሁና፣ አልጋው ላይ ቆሜ የመስኮቱን ጥግ ሰም ከውስጥ፣ በስንጥቁ በኩል፣ በእሾኋ በሳሁት። በማግስቱ ፈሰሰ፤ እናቴም ተመልሳ ገባች። ሦስት ጊዜ ደፈነ፣ ሦስት ጊዜ በሳሁ። አባቴ መላው ሲጠፋው የሰይጣን ሥራ ነው ብሎ ጠበል አምጥቶ ጣራውን ረጨው፤ ያለባት እርጥበት አልበቃ ብሏት ጭራሽ ጨመረላት።

ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ መንገድ ሠሪዎቹ ጥለውት ከሄዱት በርሜል ሬንጅ ፍቆ አቀለጠ፤ ከተጣለ ጎማም ከመነዳሪውን፣ የውስጥ ላስቲኩን፣ ቆራርጦ አዘጋጀ። ሽታው መንደሩን ሲሞላ አያ አለነና ሌሎች ሁለት ገበሬዎች ለወሬ መጡ። አባቴ ጣራው ላይ ሆኖ «ቆይ፣ የእኔን ልጅ ዐይን ታያላችሁ» አላቸው። ሦስቱም ባርኔጣቸውን አውልቀው በበሩ አንገታቸውን አስግገው አዩኝ። እናቴ ጥግ ቆማለች። ውሃው ወረደ። አላየሁም ማለት እችል ነበር። ኩራቴ አሸነፈኝና፣ እሾኋ ወደገባችበት፣ ሌላ ሰው ቢፈልግ ወደማያገኛት ቀዳዳ፣ ጣቴን አነሳሁ።

አባቴ ደፈናት። ሰዎቹ አመሰገኑኝ። እናቴ ጋቢዋን አጥፋ በአጠገቤ ስትወጣ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ «ማሬ፣ እንግዲህ እሾኋን ጣያት፤ ትወጋሻለች» አለችኝ።

ለመስቀል አልደረሰችም።

ጥር ላይ ሁለት ሰዎች በጭነት መኪና መጡ። አባቴ ነጠላውን አጣፍቶ ቁልፉን ከማተቡ ፈታና በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ከውስጥ ደረቅ መሆኗን አይተው ተገረሙ። አንደኛው፣ ካራቫኗ ከመዝገብ ከተሰረዘች መቆየቷን፣ እነሱም የመጡት ለጎማዋ ብቻ መሆኑን ነገረው። «እስካሁን ዶሮ ያሳደራችሁባት መስሎን ነበር» አለ። አባቴ ቁልፉን እንደያዘ ቀረ። እኔና እሱ ከዚያ በኋላ እዚያችው ቤት ገባንና፣ ሰባት ክረምት አንዲት ጠብታ ሳትነካኝ አደግሁ። ፍራሹ ምቹ ነበር። በጣራው መስኮት ኮከብ ይታያል። አልማረርኩበትም፣ አልጮኽኩበትም፤ እህል ሲያቀርብልኝ ግን ፊቱን አላየውም ነበር፤ የእሾኋንም ነገር እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

አሁን አርጅቷል። ዘመኑም ሰዉም እየተምታታበት ነው፤ አንዳንድ ቀን እኔን እህቱ ያደርገኛል። ሠራተኛው ከላይ ማፍሰስ ሲጀምር ከአልጋው አጠገብ ቆሜ ቀና አልኩ። ጠብታዋ ከጥጉ ላይ አበጠች፣ ተንጠለጠለች፣ የአባቴ ጋቢ ላይ ወደቀች። እርጥቡን በጣቱ ነካው፤ ጣራውን አየ፤ ከዚያ ከወራት በኋላ በስሜ ጠራኝ።

«ማሬ፣ ጀመረች። ሂጂ እናትሽን ጥሪያት፤ ትግባና ትጠብቅልን።»

እሾኋን ያኔ ያውቅ እንደነበር ብጠይቀው የሚመልስልኝ አባት የለኝም፤ ሮጬ የምጠራት እናትም የለችኝም። ሠራተኛው ከጣራው ላይ «እትዬ፣ አገኙት ወይ?» እያለ ይጣራል። ቀዳዳዋ ፊት ለፊቴ ነበረች፤ ጣቴን ማንሳት ግን አቃተኝ።